ከአይጥ እስከ ታካሚ ስላለው መንገድ፦ ለምርምር ገንዘብ መዳቢዎች፣ ለመድኃኒት ተቆጣጣሪዎችና ለሳይንስ መጽሔት አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የናኖ ሕክምናና የብልህ ባዮማቴሪያል ምርምር ታካሚው ዘንድ እንዲደርስ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

እኔ ለካንሰርና ለከባድ ኢንፌክሽን ታካሚዎች በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶችን የማዘጋጅ የሆስፒታል ፋርማሲስት ነኝ። እናንተ የምርምር ገንዘብ ስትመድቡ፣ መድኃኒት ስትፈቅዱ ወይም የጥናት ጽሑፍ ስትቀበሉ የወሰናችሁት ነገር ከዓመታት በኋላ እኔ ጠረጴዛ ላይ በብልቃጥ ሆኖ ይመጣል፤ ወይም ሳይመጣ ይቀራል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ሳይመጣ ስለሚቀረው ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ገንዘቡም ክብሩም መድኃኒት የሚሸከም አዲስ ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን የማይታይ እጅግ ትንሽ ተሸካሚ፣ ለፈጠረ ብቻ መሆኑ ይቅር። ያለውን ቅንጣት ሰው ላይ በሚገባ ለፈተነ፣ ያልሠራውን ሳይደብቅ ለጻፈ፣ በብዛት ሲመረት ጥራቱ እንዳይጓደል ለደከመ ተመራማሪም ይድረስ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ይህ ዘርፍ ባዶ ተስፋ እንዳልሆነ ልናገር። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ዕጢን ይገድላል፣ ልብንም ይጎዳል። አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ሊወስደው የሚችለው መጠን የተገደበው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1995 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የሊፖዞም ዶክሶሩቢሲን ይህን መድኃኒት 100 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ባላት የስብ ከረጢት ውስጥ ከተተው። አንድ ቀይ የደም ሴል ወደ 7,000 ናኖሜትር ስለሚሆን፣ የከረጢቷን ትንሽነት ከዚህ መገመት ይቻላል። ሰውነት ባዕድ ነገር ብሎ ቶሎ እንዳያስወግዳት ላይዋ ፖሊኢትሊን ግላይኮል በሚባል ፖሊመር ተሸፍኗል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ለቀናት ይቆያል፣ በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ይቀንሳል። በሌላ በኩል የእጅ መዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ መቅላትና መላጥ የሚባል ሌላ ችግር ይዞ መጣ። ሞለኪዩሉ ያው የድሮው ነው፤ የተለወጠው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ መንገዱ ሲለወጥ ደግሞ ጥቅሙም ጉዳቱም ቦታ ይለውጣል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነታቸውን በዓይኑ ይለያል። የድሮው እንደ ቀይ ቀለም ጥርት ያለ ነው፤ የሊፖዞሙ ቀይ ሆኖ ደብዘዝ ይላል። የሊፖዞሙን 5 በመቶ ዴክስትሮዝ እንጂ ሌላ ነገር አልቀላቅልበትም፤ በመስመር ማጣሪያ እንዲያልፍም አይደረግም። ነርሷ የሊፖዞሙን የመጀመሪያ መጠን ስትሰጥ በደቂቃ ከ1 ሚሊግራም አትበልጥም፤ ቅንጣቱ ራሱ በአንዳንድ ሰው ላይ የመከላከያ ሥርዓቱን ቀስቅሶ የትንፋሽ ማጠርና የፊት መቅላት ሊያመጣ ይችላልና። ይህ የፍጥነት ጥንቃቄ የተገኘው ሰው ላይ በተደረገ ክትትል ነው።

አሁን ይበልጥ ወደምወደው ምሳሌ ልለፍ። አምፎቴሪሲን ቢ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ የፈንገስ መድኃኒት ነው። ፈንገሱን ይገድላል፤ ነገር ግን ታካሚውን በብርድ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ፖታሲየሙን ያወርዳል፣ ደም ማነስ ያስከትላል። የሊፖዞም ዓይነቱ አሜሪካ ውስጥ በ1997 ሲፈቀድ እነዚህ ጉዳቶች ቀነሱ። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ዓመታት፣ በተለይ ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ለሚከሰተው ክሪፕቶኮካል ማጅራት ገትር (በፈንገስ የሚመጣ የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን)፣ ብዙዎች የሚያገኙት ያንኑ የድሮውን ነበር፤ በየቀኑ፣ ለሰዓታት በደም ሥር እየተንጠባጠበ።

ለውጡን ያመጣው አዲስ ቅንጣት አልነበረም። አንድ ጥያቄ ነበር፦ ይህ የሊፖዞም መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ፣ ከፍተኛ መጠንም የሚቻል ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብንሰጠውስ? አምቢሽን የተባለው ሙከራ ይህንን በቦትስዋና፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በዩጋንዳና በዚምባብዌ ከ800 በላይ ታካሚዎች ላይ ፈተነ። አንደኛው ቡድን በኪሎ 10 ሚሊግራም የሊፖዞም አምፎቴሪሲን አንድ ጊዜ ብቻ ወስዶ፣ ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል በአፍ ለ14 ቀናት ቀጠለ። ሌላኛው የተለመደውን የ7 ቀን የደም ሥር ሕክምና ወሰደ። በ10 ሳምንት ውስጥ በመጀመሪያው ቡድን 24.8 በመቶ፣ በሁለተኛው 28.7 በመቶ ሞቱ። አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠው መጠን ከሰባት ቀኑ ሕክምና አላነሰም፣ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳትም ያነሰው በእርሱ ነበር። ውጤቱ በ2022 ታተመ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት መመሪያውን ለወጠ።

ይህ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 500 ሚሊግራም ያስፈልጋል፤ አንዱ ብልቃጥ 50 ሚሊግራም ስለሚይዝ አሥር ብልቃጥ ደርድሬ እቀመጣለሁ። በእያንዳንዱ 12 ሚሊሊትር ንጹሕ ውሃ ጨምሬ ዱቄቱ እስኪበታተን ለ30 ሰከንድ አጥብቄ እነቀንቀዋለሁ፤ ብጫ ደመናማ ፈሳሽ ይሆናል። በማጣሪያ ስቤ ከዴክስትሮዝ ጋር አቀላቅላለሁ። ክንድ ያደክማል። ነገር ግን ይህ ሰው ነገም ከነገ ወዲያም ለዚህ መድኃኒት መርፌ አይወጋም፤ ደም ሥር ሲፈለግለት አይውልም፤ ኩላሊቱንም በየቀኑ የምንሰጋለት ያህል አንሰጋለትም። እንዲህ ያለ ጥናት ገንዘብ ለማግኘት ከአዲስ ቅንጣት ጋር እኩል መወዳደር መቻል አለበት። ‹‹አዲስነቱ ምኑ ላይ ነው?›› የሚለው ጥያቄ በግምገማ ቅጾቻችሁ ላይ ካለው ቦታ ዝቅ እንዲል የምለምነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደሚያሳዝነው እንምጣ። በ1986 ጃፓናውያኑ ማትሱሙራና ማኤዳ የዕጢ የደም ሥሮች የሚያፈስሱ በመሆናቸው ትላልቅ ሞለኪዩሎች ዕጢ ውስጥ ገብተው እንደሚከማቹ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ ቅንጣቶች በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ተሠሩ። በ2016 ግን በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ዋረን ቻን የሚመራው ቡድን የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያሰላ፣ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው በመካከለኛ ዋጋ 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያውም እንስሳት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይጥ ላይ። የአይጥ ዕጢ በሳምንታት ውስጥ የሚያብጥ፣ ከአይጧ ክብደት አንጻርም ግዙፍ ነው፤ የሰው ዕጢ ዓመታት ፈጅቶ፣ ጠጣር ሥጋ ለብሶ የሚያድግ፣ ከሰው ሰውም የሚለያይ ነው። የቀረው 99 በመቶ ወዴት ሄደ? አብዛኛውን ጉበትና ጣፊያ ይውጡታል። ቅንጣቱ ደም ውስጥ በገባ ቅጽበት የደም ፕሮቲኖች ይለብሱታል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት የሚያየው ተመራማሪው የቀባውን ሽፋን ሳይሆን ይህን የፕሮቲን ካባ ነው። በ2020 ይኸው ቡድን ተጨማሪ ውጤት ይዞ መጣ፤ ወደ ዕጢ ከሚገቡት ቅንጣቶች አብዛኞቹ በደም ሥሩ ክፍተት ሾልከው እንደማይገቡ፣ የደም ሥሩ ሴሎች ራሳቸው እንደሚያሻግሯቸው አሳየ። ይህ ትክክል ከሆነ ሠላሳ ዓመት የተሠራበት ንድፍ መነሻው እንደገና መታየት አለበት።

ለዘመድ ወዳጆቻቸው ተስፋ ፈልገው ጋዜጣ ላይ ያነበቡትን ቆርጠው የሚያመጡልኝ ሰዎች አሉ። ‹‹ካንሰሩን ብቻ የሚመታ ናኖ ሮቦት ተሠራ›› ይላል። ጽሑፉን ፈልጌ ሳነበው አይጥ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ተስፋቸውን መንካት ከባድ ነው፤ ዝም ማለትም አልችልም። መጽሔት አዘጋጆች ሆይ፣ ርእሱ ላይ ‹‹በአይጥ›› የሚለውን ቃል አስገቡ። ጽሑፉ ውስጥም የቅንጣቱ መጠን ስርጭት፣ በኪሎ የተሰጠው ልክ፣ ከተወጋው ምን ያህሉ ዒላማው ጋ እንደደረሰና የቀረው የት እንደገባ ካልተጻፈ አትቀበሉ። በ2018 የዘርፉ ተመራማሪዎች ራሳቸው እንዲህ ያለ ዝቅተኛ የመረጃ መስፈርት አቅርበዋል፤ የጎደለው የእናንተ ግዴታ ማድረግ ነው።

ያልሠራ ነገር መታወቁ ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ታሪክ ይመሰክራል። ከ40 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ሽፋኑ ተከፍቶ ዶክሶሩቢሲን የሚለቅ ሊፖዞም ተሠርቶ ነበር። የጉበት ዕጢ በሬድዮ ሞገድ ሲቃጠል በዙሪያው ባለው ሙቀት ሊፖዞሙ ይፈታል፣ መድኃኒቱም እዚያው ይፈስሳል ተባለ። ሐሳቡ ግሩም ነው። 700 ገደማ ታካሚዎች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ግን በ2013 የታሰበውን ጥቅም ሳያሳይ ቀረ። መረጃው እንደገና ሲታይ ረዘም ላለ ጊዜ የተሞቁት ሳይጠቀሙ አልቀሩም የሚል ግምት ቀረበ፤ ያንን ለመፈተን ሌላ ትልቅ ሙከራ ተደረገ፤ እርሱም አልተሳካም። ቁሱ በላቦራቶሪ የታዘዘውን በትክክል ይሠራል፤ ይህ ብቻውን ግን ለታካሚው ዕድሜ አልጨመረለትም። እነዚያ ታካሚዎች ለሳይንስ ያበረከቱት ትምህርት ትልቅ ነው። ስንት ተመሳሳይ ትምህርት በላቦራቶሪ መሳቢያ ተቆልፎ ቀርቶ ይሆን?

ብልህ ባዮማቴሪያሎች ስንል በአሲድ መጠን፣ በሙቀት፣ በኢንዛይም ወይም በስኳር ለውጥ ቅርጻቸውን ወይም ባሕርያቸውን የሚለውጡ ቁሶች ማለታችን ነው። ከሁሉም በላይ የሚጠበቀው በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲጨምር ብቻ ኢንሱሊን የሚለቅ ቁስ ነው። ብራውንሊና ሴራሚ ሐሳቡን ያቀረቡት በ1979 ነው። ፌኒልቦሮኒክ አሲድ የተባለው ኬሚካል ከስኳር ጋር ስለሚተሳሰር በእርሱ የተሠራ ሃይድሮጄል (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ቁስ) ስኳር ሲበዛ ያብጥና በውስጡ የያዘውን ይለቃል። በላቦራቶሪ ሲታይ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ የስኳር ሕመምተኛ የሚያስፈልገው ከዚህ በላይ ነው፤ ቁሱ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ መስጠት፣ ስኳሩ ሲወርድ ደግሞ ወዲያው ማቆም አለበት። ትንሽ ቢዘገይ ስኳር ከልክ በታች ወርዶ ሰውየው እንቅልፉ ላይ እንዳለ ራሱን ሊስት ይችላል። በዚህ ላይ ሰውነት ከቆዳ ሥር የተቀበረውን ባዕድ ነገር በጠባሳ ሥጋ ይከብበዋል፤ ስኳሩም ኢንሱሊኑም ያንን ግድግዳ ማለፍ ይቸግራቸዋል። ከአርባ ዓመት በላይ አልፎ ይህ ምርት ፋርማሲ ያልደረሰው ብልሃት ስለጠፋ አይመስለኝም። ጠባሳው እንዳይፈጠር የሚሠራው ምርምር፣ ቁሱ ወራት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን የሚከታተለው ምርምር፣ ለዓይን የማይማርከው ሁሉ በጥቂት ገንዘብ ስለሚንፏቀቅ ነው።

የተሳካላቸው ቁሶች ብዙ ጊዜ ዝምተኞች ናቸው። ላንገርና ፎልክማን በ1976 ትላልቅ ሞለኪዩሎች ከፖሊመር ውስጥ ቀስ እያሉ ለረጅም ጊዜ ሊወጡ እንደሚችሉ አሳዩ፤ ዛሬ ለፕሮስቴት ካንሰር በወር ወይም በወራት አንድ ጊዜ የሚወጉት መርፌዎች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዘውና መድኃኒት የሚለቀው ስቴንትም እንዲሁ።

መቸኮልም እንደ መዘግየት ይገድላል። ፓኦሎ ማኪያሪኒ የተባለው የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ2011 በስዊድን ከፕላስቲክ የተሠራ የመተንፈሻ ቱቦ ግንደ ሴል ተቀብቶበት ለሰው ተከለ፤ ዓለም አጨበጨበ፣ ታዋቂ መጽሔትም አወጣው። እዚያ ቱቦው የተተከለላቸው ሦስቱም ታካሚዎች ሞቱ። በ2023 የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እስራት ፈረደበት። በእንስሳት ላይ በቂ ማስረጃ ሳይኖር ወደ ሰው መሄድ የሚያስከትለው ይህ ነው። ስለዚህ ሰው ላይ ይፈተን ስል ደረጃው ይዘለል ማለቴ እንዳልሆነ ተቆጣጣሪዎች ይረዱልኝ።

ስለ ኤም አር ኤን ኤ የኮቪድ ክትባቶች ብዙ ስለተባለ አላስረዝምም። የሚረሳው አንድ ነገር ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ክትባቱን ተሸክሞ ዓለምን ያዳረሰው የስብ ቅንጣት በአንድ ዓመት አልተወለደም። በደም ውስጥ ገለልተኛ ሆኖ፣ ሴል ውስጥ አሲድ ሲያገኝ ብቻ አዎንታዊ ሙል የሚይዘው ቅባት የአሥርተ ዓመታት ልፋት ውጤት ነው፤ በ2018 የተፈቀደው ፓቲሲራን የተባለ መድኃኒትም መንገዱን አስቀድሞ ጠርጎለታል። በ2025 ደግሞ ከባድ የጉበት ኢንዛይም እጥረት ይዞ ለተወለደ አንድ ሕፃን ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ የዘረመል ማረሚያ በዚህ ዓይነት ቅንጣት ተጭኖ ተሰጠው፤ ዝግጅቱ የፈጀው ስድስት ወር ገደማ ነው። ይህን ሳነብ ሥራዬን አቁሜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ሆኖም ፓቲሲራንም ይህ የዘረመል ማረሚያም ጉበት ላይ ያነጣጠሩ ናቸው፤ ቅንጣቱ በደም ውስጥ አፖሊፖፕሮቲን ኢ የሚባለውን ፕሮቲን ይለብስና የጉበት ሴሎች ተቀብለው ያስገቡታል። በጡንቻው፣ በሳንባው፣ በአንጎሉ ለታመመው ገና በሩ በሰፊው አልተከፈተም። ገንዘብ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ከጉበት ውጭ። ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ያህል ቅዝቃዜ የማይፈልግ ቅንጣትም እንዲሁ፤ ማቀዝቀዣው ከተበላሸ መድኃኒቱ የለም ማለት ነውና።

ስለ ምርትም ልበል። በ2011 አንድ አምራች ሥራ ሲያቆም የሊፖዞም ዶክሶሩቢሲን እጥረት ተፈጠረ፤ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በ2012 ተመሳሳዩ ከሌላ አገር እንዲገባ ለጊዜው ፈቀደ፣ በ2013 ደግሞ የመጀመሪያውን ተተኪ መድኃኒት አጸደቀ። እንዲህ ያለ እጥረት እኔም በምሠራበት ደርሶብናል፤ ሕክምናዋን በግማሽ ያደረሰች ሴት ፊት ቆሞ ‹‹የለም›› ማለት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ተራ እንክብል ሲሆን ንጥረ ነገሩ አንድ ከሆነና ደም ውስጥ እኩል ከተገኘ ተተኪው ተተኪ ነው። ናኖ መድኃኒት እንዲህ አይደለም። ቅባቱ፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ ሁሉ አንድ ሆኖ የቅንጣቱ ስፋት ወይም በውስጡ ያለው መድኃኒት የሚለቀቅበት ፍጥነት ቢለይ ሰው ላይ ሌላ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አሜሪካ በ2022 ለናኖ መድኃኒቶች መመሪያ አውጥታለች። ተቆጣጣሪዎች የመለኪያ ዘዴዎቻችሁን አንድ ብታደርጉና ለአምራቾች ሁሉ ክፍት ብታደርጓቸው፣ ሁለተኛና ሦስተኛ አምራች ሊገባ ይችላል።

ገንዘብ መዳቢዎች ሆይ፣ ለሚቀጥለው ዙር የምርምር ጥሪያችሁ ይህን አስቡበት። ቀድሞ የተፈቀዱ ናኖ መድኃኒቶችን በአዲስ ልክ፣ በአዲስ በሽታ ወይም በአጠረ ጊዜ የሚፈትኑ የሰው ሙከራዎች የራሳቸው በጀት ይኑራቸው። አዲስ ቅንጣት ይዞ የሚመጣም አመልካች ይምጣ፤ ነገር ግን በፋብሪካ ደረጃ እንዴት እንደሚመረትና በሰው ዕጢ ናሙና ላይ ምን እንዳሳየ ከመጀመሪያው ይጠየቅ። ገንዘባችሁን ወስዶ ያልተሳካለት ደግሞ ውጤቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ለሕዝብ ካላቀረበ የሚቀጥለው ማመልከቻው አይታይለት። ይህን ለመቀበል የማትችሉበት ምክንያት ካለም መልሳችሁን በግልጽ ጻፉልን፤ እኔም፣ መድኃኒቱን የሚጠብቁትም እናነባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሆስፒታል ፋርማሲስት